በቀዩ ነው በሰማያዊው?

ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ፣ ነጋዴዎች በሚያርፉበት ሆቴል፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፤ ትርሲት በልብስ ቦንዳዎች መካከል ተቀምጣ ዕቃ ታሽጋለች፣ እናቷ ቤት ያደገውና ዕቃ የሚያመላልስላት ዳምጠው በሩ አጠገብ ቆሟል፤ እናቷ ወይዘሮ ዘርትሁን ዛሬ ማለዳ አዲስ አበባ ውስጥ መሞታቸውን እሱ ያውቃል፣ እሷ ግን መርዶውን ገና አልተረዳችም።

ትርሲት፦ በቀዩ አውሮፕላን አልሄድም አልኩህ። ረቡዕ በሰማያዊው ነው የምሄደው። አሁን ይቺን ፕላስተር ጫፏን ያዝልኝ።

ዳምጠው፦ እታለም፣ ቀዩ ዛሬ ማታ ነው የሚነሳው። አንድ ወንበር ነው የቀረው። የቲኬት ቢሮዋ ልጅ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይዤልህ እቆያለሁ ብላለች።

ትርሲት፦ ለሌላ ትስጠው።

ዳምጠው፦ እኔ ዕቃውን እየጠበቅሁ እዚህ እቀራለሁ። አንቺ ብቻ ሂጂ።

ትርሲት፦ አንተን ጠባቂ አድርጌ? ባለፈው ጫማውን ያሳሰርከው አንተ አይደለህም? ካርቶኑ ሲከፈት ሁሉም የግራ እግር። መርካቶ እስከ ዛሬ የግራ እግር ነጋዴ ይሉኛል።

ዳምጠው፦ የዚያን ቀን በስልክ ቶሎ በል፣ ቶሎ በል እያልሽ ያጣደፍሽኝ አንቺ ነሽ።

ትርሲት፦ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ያ ነው። ዛሬ ደግሞ አንተ ታጣድፈኛለህ። ይልቅ ቁጭ በልና ስማ፣ አንተ ካልተብራራልህ አይገባህም። ይሄ በበረርኩ ቁጥር ነጥብ የሚቆጥርልኝ የሰማያዊው ካርድ ነው። ወርቅ ደረጃ ለመግባት የቀረኝ አንድ ጉዞ ነው። ወርቅ ከሆንኩ በየጉዞው አንድ ተጨማሪ ሻንጣ በነፃ ይጫንልኛል፣ ሰልፍ የለብኝም፣ ማረፊያ ክፍል አለኝ። ወሩ ካለፈ ግን ያጠራቀምኩት ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። ይሄ ደግሞ የቀዩ ነው። ነጥቡን እንደ ምጽዋት ያንጠባጥብልሃል፣ ልጠቀምበት ስትል ቀኑ አለፈ ይልሃል። አንተ ብትሆን የቱን ትመርጣለህ?

ዳምጠው፦ ቶሎ ቤት የሚያደርሰውን።

ትርሲት፦ ለዚህ ነው ተሸካሚ ሆነህ የቀረኸው።

ዳምጠው፦ ቀዩ በቀጥታ ነው የሚበረው፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ቤትሽ ነሽ። ሰማያዊው በረሃ መሀል አውርዶ ሲያቆይሽ ውሎ ሐሙስ ነው የሚያደርስሽ።

ትርሲት፦ ያቆየኝ። ያቺ አብራን የምትነግደው ወሰኔ ወርቅ የሆነች ጊዜ አይተሃት የለ? ኤርፖርት ውስጥ እንደ ጳጳስ ነበር የምትራመደው። እኛ ሻንጣችንን በእግራችን እየገፋን ተሰልፈን፣ እሷ በጎን በኩል አልፋ እጇን አውለበለበችልን። ያቺን እጅ አልረሳትም።

ዳምጠው፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ትርሲት፦ ላሟን አላየሃትም እንጂ ወተቷን ጠጥተሃል። ባለፈው ጥር ትኬትህ የተቆረጠው በማን ነጥብ ነው?

ዳምጠው፦ በአንቺ ነው። ያንቺን ጂንስ ተሸክሜ እንድመለስ።

ትርሲት፦ ታዲያ ባዶህን ልትመለስ ኖሯል? ደግሞ ዛሬ ምን ነክቶህ ነው በነገር የምትመልስልኝ?

ዳምጠው፦ ጋሽ ይግለጡ ደውለው ነበር።

ትርሲት፦ ምን ይላል አጎቴ?

ዳምጠው፦ እማማን ጠንከር አድርጓታል። ትርሲት ዛሬውኑ ትምጣ ብለዋል።

ትርሲት፦ ቅዳሜ ለኔ ሲደውል አመም አድርጓታል ነበር ያለኝ። ዛሬ ጠንከር አደረጋት። ቃሉ እየወፈረ ነው እንጂ በሽታውን የሚነግረኝ የለም። ያለፈውን ዓመት ረሳኸው? ተኝታለች፣ ድረሺ አሉኝ፤ ዕቃዬን ለሰው አደራ ሰጥቼ በቀዩ በረርኩ። ስደርስ እማዬ ጎረቤት ሰርግ ላይ ታጨበጭባለች። ምነው ስላት፣ ናፍቄሽ ነው አለችኝ። በዚያ ጉዞ ነው ከሰማያዊው ደረጃዬ የወረድኩት።

ዳምጠው፦ የዛሬው እንደዚያ አይደለም።

ትርሲት፦ እንዴት አወቅህ? እዚህ ሆነህ ደረቷን አዳመጥክ?

ዳምጠው፦ የጋሽ ይግለጡ ድምፅ ነዋ። በየመሀሉ ሳል እያስመሰሉ ነው ያወሩኝ።

ትርሲት፦ እሱ ድሮም ሳላም ነው።

ዳምጠው፦ እታለም፣ በናትሽ ሂጂ። የምትፈልጊውን ቀሪ ዕቃ እኔ ገዝቼ፣ አሽጌ፣ ቀኝና ግራውን ቆጥሬ አመጣለሁ። ነጥቡንም ሌላ ጊዜ ታጠራቅሚያለሽ። ነጥብ አይጠፋም።

ትርሲት፦ አይጠፋም ይለኛል። ውሻ በበላበት ይጮኻል አሉ። አንተ የበላኸው እናቴ ቤት ነው፣ እዚያው ደጃፏ ላይ ሂድና ጩኽ። እኔ ጆሮ ላይ አትጩኽ።

ዳምጠው፦ በልቻለሁ። ክጄ አላውቅም።

ትርሲት፦ እማማ፣ እማማ ስትልም ሰው የወለደችህ ይመስለዋል። በአንድ ማዳበሪያ ልብስህን ይዘህ ከአጣዬ ስትመጣ ምን ነበር የተባለው? ለሦስት ወር ነበር። ትምህርት ቤት እስኪዘጋ።

ዳምጠው፦ ሦስት ወሩ አላለቀ ይሆናል። እማማ ቆጥራው አታውቅም።

ትርሲት፦ እሷ ባትቆጥር እኔ ቆጥሬዋለሁ። የምተኛበትን አልጋ ለአንተ ሰጥታ እኔን ከራሷ ጋር ካስተኛችኝ ቀን ጀምሮ። እንግዳ ነው፣ አይከፋው ትለኝ ነበር። እንግዳው ይኸው ጢም አበቀለ። ዓይንህ ግን ምን ሆኖ ነው?

ዳምጠው፦ ጫማ ተራ ሄጄ ነበር። የሙጫው ሽታ ነው።

ትርሲት፦ ጫማ ተራ ዛሬ ዝግ ነው።

ዳምጠው፦ እንግዲያው የትናንቱ ነው።

ትርሲት፦ ጥሩ። የትናንቱ ይሁን። መቀሱን አቀብለኝ።

ዳምጠው፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስለ ወንበሩ ጠየቅሽኝ፣ ስለ ዓይኔ ጠየቅሽኝ። እማማ እህል ትቀምሳለች ወይ፣ አጠገቧ ማን አለ አላልሽም። ለምን አትጠይቂኝም?

ትርሲት፦ ብጠይቅህ ትነግረኛለህ?

ዳምጠው፦ ጠንከር አድርጓታል ነው የተባልኩት።

ትርሲት፦ ይኸው። አንተ የተላክኸውን ተናገርክ፣ እኔም ሰማሁ። የታመመ ሰው ደግሞ እስከ ሐሙስ ይቆያል።

ዳምጠው፦ ሰው እንዴት እንዲህ ይጨክናል?

ትርሲት፦ ተምሮ ነዋ። አባዬ ጊዜ እኔ ገና ልጅ ሆኜ ዱባይ ነበርኩ፣ አንተም ወደ እኛ ቤት አልመጣህም ነበር። አሞታል፣ ድረሺ አሉኝ። ሻንጣዬን ጥዬ፣ በእንግድነት የነበርኩበትን ቤት ሰው እንኳ ሳልሰናበት በረርኩ። ዘመድ ኤርፖርት ድረስ መጥቶ፣ እየሳቀ፣ አሁንማ ተሽሎታል እያለ ወሰደኝ። ቤታችን ግን አላስገቡኝም። ቤቱ እየታደሰ ነው ብለው አክስቴ ጋ አሳደሩኝ። ዶሮ ሠርተው አበሉኝ። ሊነጋጋ ሲል በሩን ከፈቱት፤ ሰፈሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢ ሞልቷል። አባዬ ከተቀበረ ሳምንት ሆኖት ነበር። እኔ ደግሞ ማታ ዶሮውን በልቼ ነበር፣ ዳምጤ። ጨምሩልኝ ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ታሟል የሚል ስልክ አያስሮጠኝም። ታሟል ተብሎ የተጠራሁበት ሰው እኔ ስለደረስኩ ተነስቶ አያውቅም።

ዳምጠው፦ የዚያን ጊዜ ሳይጠብቁሽ ነው። አሁን ነገ እስከ...

ትርሲት፦ እስከ ምን?

ዳምጠው፦ እስከ ነገ ማታ። ሐኪሙ ነገ ማታ ይመጣል።

ትርሲት፦ አትዋሽ፣ አትችልበትም። አንድ ልጇ እኔ ነኝ። ያለ እኔ የሚያደርጉት ነገር የለም፣ እስከ ሐሙስ ይጠብቁኛል። ዘንድሮ ማቀዝቀዣ ያለው ሆስፒታል ሞልቷል።

ዳምጠው፦ ማቀዝቀዣ?

ትርሲት፦ ለመድኃኒቱ ነው ያልኩት።

ዳምጠው፦ አውቀሻል።

ትርሲት፦ ለመድኃኒቱ ነው አልኩህ። እኔ ምንም አላውቅም። ማንም አልነገረኝም። ያልተረዳ ሰው ደግሞ በፈለገው አውሮፕላን ይሄዳል። ሐሙስ ስደርስ ለምን ዘገየች ብሎ የሚያማኝ የለም፤ ምስኪን፣ ሳታውቅ ነው ይላሉ። ይሄን ወግ እኔ አላመጣሁትም። አባዬ ጊዜ እነሱ ተጠቀሙበት፣ አሁን የኔ ተራ ነው።

ዳምጠው፦ ለአንድ ሻንጣ ብለሽ።

ትርሲት፦ ሻንጣው አይደለም። አንተ አይገባህም። ያቺ ሰማያዊው ላይ በሩ ጋ የምትቆመዋ ልጅ ካርዴን አይታ፣ እንኳን ደህና መጡ ወይዘሮ ትርሲት ትለኛለች። ስሜን ጠርቶ የሚቀበለኝ እሷ ብቻ ናት። ቤት ስገባ ሁሉም የሚያየው እጄን ነው። ምን ይዛ መጣች ነው። እማዬም ጭምር።

ዳምጠው፦ እማማ እንዲያ ብላ አታውቅም።

ትርሲት፦ አፏ ባይል ዓይኗ ብሏል።

ዳምጠው፦ ዓይኗ ያየው ሌላ ነው። ጋሽ ይግለጡ ሌላም ነገር ነግረውኛል። ልነግርሽ አልፈለግሁም ነበር።

ትርሲት፦ እንግዲያው ተወው።

ዳምጠው፦ ትናንት ማታ ትንፋሽ እያጠራት፣ ትርሲት የት ደረሰች ብላ ጠየቀች። የከበቧት ሰዎች ሊያጽናኗት፣ ተሳፍራለች፣ መንገድ ላይ ናት አሏት። ስልክ በደወልሽ ቁጥር ስለ ካርዶችሽ ነበርና የምታወሪያት፣ ዓይኗን ገልጣ "በቀዩ ነው በሰማያዊው?" አለች።

ትርሲት፦ ምን?

ዳምጠው፦ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች አሉ። ከዚያ፣ "በሰማያዊው ከሆነ እንዳትጠብቋት" አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ትርሲት፦ ይሄን ፈጥረኸው ነው።

ዳምጠው፦ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ትርሲት ትምጣ ብለዋል ያልኩሽን። አላሉም።

ትርሲት፦ ታዲያ ምን ሊሉ ነው የደወሉት?

ዳምጠው፦ አንተ ና ሊሉኝ ነው። እሷ እንደፈቀዳት ትሁን አሉ። እናቷ የተናገረችውን ቃል ሁሉም ሰምቷል፣ ስለዚህ የሚጠብቅሽ ሰው የለም። ነገ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ዕድሩም ተነግሮታል፣ ድንኳኑም ተተክሏል።

ትርሲት፦ ያለ እኔ? ከፊት ማን ሊቆም ነው?

ዳምጠው፦ እኔ።

ትርሲት፦ አንተ ምኗ ነህና?

ዳምጠው፦ እኔም እሱን ነበር ራሴን የጠየቅሁት። ወንበሩን ያስያዝኩት በስሜ ነው፣ በራሴ ነጥብ። አንቺ ዕቃሽን እንጂ ስሜን አስበሽው አታውቂም፤ በተሸከምኩልሽ ቁጥር ለኔም ይመዘገብልኝ ነበር። ልሳፈር ተነሳሁና እግሬ እምቢ አለኝ። የወለደቻት እያለች እኔ እንዴት እቀድማለሁ አልኩ። ቢያመልጠኝም ያምልጠኝ፣ አልቅሼም ቢሆን እዚህ እቀራለሁ፣ እሷ ትሂድ ብዬ ከቀትር ጀምሮ ስለምንሽ ዋልኩ።

ትርሲት፦ ስንት ሰዓት ነው?

ዳምጠው፦ አሥራ አንድ ሊሆን ነው።

ትርሲት፦ ለልጅቷ ደውልላት። በኔ ስም ታዙረው። ሻንጣ አልይዝም፣ እንዲሁ እሄዳለሁ።

ዳምጠው፦ ሰማያዊውስ?

ትርሲት፦ ገደል ይግባ። ደውል።

ዳምጠው፦ የቀረሽ አንድ ጉዞ ነበር።

ትርሲት፦ ዳምጤ፣ አታሰቃየኝ። ደውልላት። ወንድሜ አይደለህ?

ዳምጠው፦ ነኝ እንዴ?

ትርሲት፦ ነህ። በአንድ ቤት አላደግንም? ልለምንህ፣ ወንበሩን ስጠኝ።

ዳምጠው፦ ትንሽ ቀደም ብለሽ፣ ማቀዝቀዣውን ሳትጠሪ ብትጠይቂኝ ኖሮ፣ በሁለት እጄ እሰጥሽ ነበር።

ትርሲት፦ እናቴ ናት።

ዳምጠው፦ ጋሽ ይግለጡ ወግ አክባሪ ናቸው፤ ብትመጣ ቤት ደርሳ ትረዳ፣ ሰው ይያዛት ብለውኝ ነበር። የሚያዘው የሚወድቅ ሰው ነው፣ ስለዚህ እዚሁ ልንገርሽ፦ እናታችን ዛሬ ማለዳ ሞታለች፣ ነገ እኔ እቀብራታለሁ። አንቺ ሐሙስ ነይ፤ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር አይጠፋም።