አገኘሁሽ የሚለው ቃል

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ጥሩብርሃን ወልደ ሥላሴ
ዕድሜ፦ 36
አድራሻ፦ ፎገራ ወረዳ፣ ከቁሐር ሚካኤል በታች፣ ልዩ ስሙ ጨፌ ዳር
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባለትዳር፣ የልጆች እናት
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ወረታ፣ መስከረም 14 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ መንግሥቴ ያየህ
ጉዳዩ፦ ስለ ቤት ቃጠሎና ስለ ጠፋች ሴት

ከላይ ስሜ የተጻፈው እኔ ጥሩብርሃን ወልደ ሥላሴ ማንም ሳይጠራኝ በእግሬ መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ሃምሳ አለቃው በመጀመሪያ ቤቱን ማን እንዳቃጠለ ጠይቆኛል። እሱንም እናገራለሁ። ነገር ግን ከሁሉ በፊት ጨፌው ውስጥ ገብታ የቀረችው ሴት በታንኳ ትፈለግልኝ ብያለሁ። ቤቱ ነዶ አልቋል፤ እሷ ግን እስካሁን በሕይወት ትኖር ይሆናል።

ሴትዮዋ አገኘሁሽ ትባላለች። ሸክላ ሠሪ ናት። ባሏ ደሳለው ብረት ቀጥቃጭ ነው። እነሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ። እኛ ፊት ለፊት ፈላሻ፣ በሌሉበት ደግሞ ቡዳ እንላቸዋለን። ከአብዮቱ ወዲህ ካድሬው እየመጣ ሁለቱም ስም ክልክል ነው፣ የእጅ ባለሙያ በሉ ብሎ አስተምሮናል፤ ሰዉም እሱ ባለበት እንደዚያው ይላል። ደሳለው በሠራው ማረሻ እናርሳለን፣ እሷ በሠራችው ድስት እንበላለን፣ ሕፃን ታቅፈን በደጃቸው ስናልፍ ግን የሕፃኑን ፊት በነጠላ እንሸፍናለን። እኔም ሁሉንም ልጆቼን ሸፍኜ አልፌአለሁ። መሬት ሲከፋፈል ለደሳለው ከአዛናው እርሻ ላይ ተቆርሶ ተሰጥቶታል። አዛናው ጎረቤታችን ነው፤ ያን ቀን የቋጠረውን ቂም እስከ ዛሬ አልፈታውም።

ልጄ ጽጌሬዳ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ከሚካኤል በዓል በፊት በነበረው ሳምንት ቡሬ የምንላት ጊደራችን ጨፌው ውስጥ ጠፋችብን። ጽጌሬዳ ያሳደገቻት እሷ ስለሆነች አላስችል ብሏት እስከ ወገቧ ውሃ ገብታ ስትፈልግ ውላ ባዶ እጇን መጣች። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ጣላት። እኔ ንዳድ ነው ወደ ወረታ እንውሰዳት ብዬ ነበር፤ መንገዱን ጎርፍ ይዞታልና የሚሸከም ሰው አልተገኘም።

ባለቤቴ መሪጌታ ተክለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል፣ የታመመ ሰው የሚያስለፈልፍ ነው። ማስለፍለፍ ማለት በሽተኛው ሥር ታጥኖ የበላው ሰው ማን እንደሆነ በአፉ እንዲናገር ማድረግ ነው፤ ከአባት ከአያት የመጣ ነው። ቅዳሜ ማታ ልጅቱ ዓይኗን ጨፍና ስትቃትት ባለቤቴ ሥሩን አጨሰና «ማን ነህ? ከየት ያዝካት?» ብሎ ጠየቃት። ልጄም «አገኘሁሽ» አለች። ደግሞ ጠየቃት። «አገኘሁሽ፣ አገኘሁሽ» አለች። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቷል። እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አምኜማለሁ። ባለቤቴም «ይኸው፣ ስሟን ራሷ ጠራች» አለ። የበላው ሰው መጥቶ እንትፍ ካላለባት አትድንም ተባለ።

በማግስቱ እሑድ፣ የሚካኤል ዕለት፣ ጎሕ ሲቀድ ወደ አገኘሁሽ ቤት ሄድሁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ሸክላ አፈር ስታቦካ አገኘኋትና እግሯ ሥር ወደቅሁ። መሬት እንጂ እግሯን አልነካሁም፣ እነሱ እኛ እንድንነካቸው አይወዱም። ልጄ ስምሽን ጠራች፣ መጥተሽ እንትፍ በይልኝ ብዬ ለመንኋት። እሷም እጇን ከጭቃው ሳታወጣ እንዲህ አለችኝ።

«እመይቴ ጥሩብርሃን፣ እንትፍ ብዬ ብትድን በልታት ነበር ትሉኛላችሁ። እንትፍ ሳልል ብትሞት ገደለቻት ትሉኛላችሁ። በየቱ ልዳን?»

አልቅሼ ብቻ «ልጄ ናት» አልኋት።

ባሏ ደሳለው ከወናፉ ተነሥቶ «ተይ፣ አትሂጂ። ይህች ምራቅ ዞራ እኛኑ ታጠፋናለች» አላት። እሷም «የኔዋም ልጅ በዚሁ በንዳድ ነው የሞተች። የኔዋን ማን በላት ተባለ?» አለች። ይህን ያለችው እኔን ለመውቀስ አልመሰለኝም። ከዚያ እጇን ታጥባ ተከተለችኝ።

ባለቤቴ ለቅዳሴ ሄዶ ነበር። አገኘሁሽ ቤታችን ገብታ ልጄ ላይ እንትፍ አለች። እንትፍታው በቂ ነበር፤ ማንም ንኪያት አላላትም። እሷ ግን የልጄን ግንባር በመዳፏ ይዛ «እግዚአብሔር ይማርሽ» አለቻት። በሕጋቸው እኛን የነካ ሰው ውሃ ወርዶ ሳይታጠብ፣ ፀሐይም ሳትጠልቅ ቤቱ አይገባም። እኛ እሷን እንፈራለን፣ እሷ ከእኛ ትታጠባለች፤ የማን ንቀት እንደሚብስ እኔ አልፈርድም። ያን ቀን ግን ልጄን የነካች ጊዜ ቤቷ መግባቷን ትታ እንደነካቻት አውቄ ነበር። ከቤቴ ወጥታ ቀጥታ ወደ ጨፌው ወረደች።

ቀትር ላይ ልጄን ላበት አሰጠማት፣ ትኩሳቱም ለቀቃት። ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ስትጠጣ አገኛት። አለቀሰ። ማን እንደመጣች ስነግረው «እንግዲህ ማስረጃው ይኸው ነው» ብሎ ካድሬው በዓሉን ተገን አድርጎ ወደ ጠራው ስብሰባ ወጣ። እኔ ደስታዬ አፍኖኝ አላስቆምሁትም። እሱ እንደወጣ ልጄ «እማ፣ ቡሬን አሰራችኋት ወይ?» አለችኝ። የትኛዋን ቡሬ አልኋት። «ጨፌው ውስጥ፣ ደንገሉ መሀል አየኋት እኮ። አገኘሁሽ፣ አገኘሁሽ እላታለሁ፣ እሷ ትሸሸኛለች» አለችኝ። በሕልሟ ስትጣራ የነበረው ጊደሯን ነው። ልጄን ለእህቴ ትቼ ነጠላዬን ሳልደርብ ወደ ስብሰባው ሮጥሁ።

ሰዉ ዋርካው ሥር ተቀምጧል። ካድሬው ስለ መሠረተ ትምህርት ሲናገር ባለቤቴ አስቁሞት ይከራከሩ ነበር።

ካድሬው «ቡዳ የሚባል ነገር የለም። ይህ ጨቋኞች የእጅ ባለሙያውን ለማዋረድ የፈጠሩት ነው። ሰው በዘሩ አይሰደብም» ይላል።

ባለቤቴም «ጓድ፣ ስማቸውን ለወጡልን፣ ተቀበልን። ስም ሲለወጥ ዓይን አብሮ ይለወጣል? ልጄ በአፏ ጠራቻት፣ መጥታ እንትፍ አለች፣ ልጄ ውሃ ጠጣች። ይህን ያስረዱን። የአባቶቻችንን ዕውቀት ባንድ ስብሰባ ጣሉት ይሉናል» አለ። ሰዉ አጉረመረመ።

አዛናው ተነሥቶ «መሬታችንን ሰጣችኋቸው፣ ልጆቻችንን ግን አንሰጥም» አለ።

እኔ በሰው መሀል ገብቼ ልጄ የጠራችው ሰው አይደለም፣ ጊደሯን አገኘሁሽ ስትል ነው ብዬ ተናገርሁ። ከዚያ አዛናው «ጊደርም እንግዲህ በሰው ስም መጠራት ጀመረች?» ብሎ አሣቃቸው። ባለቤቴ ክንዴን ይዞ «ልጅሽ ድናልሻለች፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ቤትሽ ግቢ» አለኝ። በሃያ ዓመት ትዳራችን ሰው ፊት ክንዴን ይዞኝ አያውቅም። ካድሬው ሴትዮዋ ትናገር ብሎ ነበር፤ ጫጫታው ሲበዛ ግን ነገ ከታጠቁ ሰዎች ጋር እመጣለሁ ብሎ በበቅሎው ሄደ። ነገ ማለቱ ለእነ አዛናው ዛሬን መተዉ ነበር።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ሰዎች ወደ ደሳለው ቤት ሄዱ። ክብሪቱን የጫረው አዛናው ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። አብረውት የነበሩትን ስም ለሃምሳ አለቃው ለብቻ ነግሬዋለሁ። ባለቤቴ እሳት አልለኮሰም፣ ድንጋይም አልወረወረም። የወረወረው ቃል ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እሱ ዋርካው ሥር ቆሞ ጭሱን ሲያይ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ አንድ ቃል ተናግሮ ቢመልሳቸው ይመለሱ ነበር፣ አልተናገረም። ይህን በባለቤቴ ላይ ስናገር ወደ ቤቴ በምን ፊት እንደምመለስ አላውቅም።

ደሳለው መዶሻና ጉጠቱን ሊያወጣ ገብቶ ክንዱ ተቃጠለ። ሰዎቹ እሷን ቤት ውስጥ ሲያጧት ወደ ውሃው ሮጡ። እሷ ታጥባ፣ እርጥብ ልብሷን ለብሳ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ዳሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሕጓን ባታከብር ከባሏ ጋር ትሆን ነበር፤ ልጄን ባትነካ ደግሞ ውሃው ዳር ባልተገኘች። ድንጋይ ሲወረውሩ አየሁ። ተነሥታ ደንገሉ ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። ሰዎቹ ውሃውን ፈርተው ተመለሱ፣ በዓል ነውና ጠላ ሊጠጡ ገቡ።

እኔ ልብሴን ሰብስቤ ገባሁ። ጎርፉ ገና አልጎደለም፣ ጭቃው እግር ይይዛል። በምን ስም ልጥራት? ያላት ስም ያው ነው። «አገኘሁሽ! አገኘሁሽ!» እያልሁ ተጣራሁ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ከወዲያ ማዶ ደንገሉ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ እሷ ናት ብዬ ልቤ ተነሣ። የመጣው ደሳለው ነበር። የተቃጠለ ክንዱን ወደ ላይ ይዞ፣ ውሃውን እየገመሰ፣ እየሣቀ ነው የመጣው። «የት አለች? ደህና ናት?» አለኝ። አገኘሁሽ ስል ሰምቶ ያገኘኋት መስሎታል። ስሟን ስጠራ ነው አልሁት። ያ ሰው እዚያው ውሃው ውስጥ ተቀመጠ።

ትናንትም ሁለታችን ስንፈልግ ዋልን። ከመንደሩ የረዳን የለም። እሱ ዛሬም እዚያው ነው፤ እኔ ሰው ልለምን ወደዚህ መጣሁ። ከሐይቁ ዳር ታንኳ ያላቸው ሰዎች እንዲታዘዙልኝ እለምናለሁ። ደንገሉ መሀል ደረቅ ጉብታ አለ፣ ከብት የሚያርፍበት ነው፤ እዚያ ደርሳ ይሆናል። ሁለት ሌሊት በእርጥብ ልብስ ለሰው ከባድ ነው፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ይሁን።

ሃምሳ አለቃው ይህን ጽፎ ሲያነብልኝ አንድ ነገር ጠይቄዋለሁ። እኔ ማንበብ አልችልም። ልጄ ለጊደሯ ያለችው አገኘሁሽና የሴትዮዋ ስም በጽሑፉ ላይ በምን ይለያል ብዬ ጠየቅሁት። ወረቀቱን አገላብጦ ሲያይ ቆየና «አይለይም፣ ፊደሉ አንድ ነው» አለኝ። እንግዲያው ነገ ይህን የሚያነብ ሰው ልጄ የሴትዮዋን ስም ጠራች ብሎ እንዳይፈርድ ይህ ይጨመርልኝ ብዬ አስጽፌአለሁ፦ ልጄ የጠራቻት ጊደሯ ናት። ጊደሯ ዛሬ ጠዋት በራሷ ጊዜ መጥታ በረት ገብታለች። እኔ የምጠራት ሴት ግን አልተገኘችም።

የተናገርሁት ያየሁትንና የሰማሁትን ነው፤ ለባሌ ብዬ ያስቀረሁት፣ በአዛናው ላይም የጨመርሁት የለም። ሐሰት ከተገኘበት ሕግ ይጠይቀኝ። ተነቦልኝ ሰምቼ በአውራ ጣቴ ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ የጣት አሻራ፦ ጥሩብርሃን ወልደ ሥላሴ

ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ሃምሳ አለቃ መንግሥቴ ያየህ

የተቀባዩ ማስታወሻ፦ ምስክሯ ከፈረመች በኋላ እንድታርፍ ብትጠየቅም አልተቀመጠችም። «የሴትዮዋን ስም ስጠራ የሚሰማኝ ሰው ያገኘኋት እንዳይመስለው ሌላ ምን ብዬ ልጥራት?» ስትል ጠይቃኛለች። ታንኳና ሰው እንዲታዘዝ ለበላይ አመልክቼ አብሬአት ወጥቻለሁ።