በዱዓው ቀን የለበስኩት ሸሚዝ

በእኛ ጊዜ ልብስ ማለት ጥጥ ነው፣ አለቀ። እናቶቻችን ይፈትላሉ፣ ሸማኔው ይሠራል፣ ከየት እንደመጣ ታውቀዋለህ። ዛሬ እኮ ምን እንደለበስክ አታውቅም! ታዲያ ስሙኝማ፣ አንድ ሸሚዝ እንዴት እንዳስፈራኝ ልንገራችሁ።

ልጄ ዘይነባ ለዒድ ሸሚዝ አመጣችልኝ። ይለሰልሳል፣ ያበራል፣ በዚህ በቆላው ሙቀት ገላ ላይ ቀዝቀዝ ይላል። ወደድኩት። እና ያኔ ዝናቡ ቀርቶ ማሽላው ሊደርቅ ነው፣ የጎብዬ ሰው ለዱዓ ሜዳ ወጣን፣ እኔም ሸሚዙን ከኩታዬ ሥር ለብሼ ወጣሁ። የዝናብ ሶላት ላይ ኩታ ይገለበጣል አይደል? አላህ ሁኔታችንን እንዲገለብጥልን። ታዲያ ኩታዬን ስገለብጥ ሸሚዙ ፀሐይ ላይ ቦግ አለ! ጎረቤቴ ይማም ከጎኔ ነው፤ እጅጌዬን በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገና፣

«ሑሴን፣ ይሄ ሐር አይደለም እንዴ?»

«ኧረ እኔ እንጃ!»

«ሐር ለወንድ ሐራም መሆኑ ጠፍቶህ ነው? ያውም ዝናብ እየለመንን!»

ክው አልኩ። እና ዝናብ የለም። አንድ ቀን የለም፣ ሦስት ቀን የለም፣ ማሽላው ቅጠሉን ጠቀለለ። ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማዩን ያያል፣ እኔ መሬት መሬቱን። ፈራሁ፣ ወላሂ ፈራሁ! የአገሩን ዝናብ እኔ ያዝኩት እያልኩ እህል አልወርድ አለኝ። ለማንም አልተነፈስኩም።

ሲብስብኝ ሸሚዙን በፌስታል ይዤ ቆቦ ሄድኩ፣ ጨርቅ ነጋዴ ዘንድ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ሐር ነው?»

«ቆይ አባባ» አለና ከጠርዙ ክር መዞ ክብሪት ጫረበት። ቦግ ብሎ ነደደ። «እስቲ ያሽትቱት።»

«የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል።»

«ሐር ቢሆን የተቃጠለ ጠጉር ይሸት ነበር፤ ናይሎን ቢሆን ይቀልጥ ነበር። ይሄ ቪስኮስ ነው፣ ከእንጨት የሚሠራ።»

«ከእንጨት? ትቀልድብኛለህ!»

«እንጨቱን ፋብሪካ ውስጥ በኬሚካል ያሟሙና ክር አድርገው ያወጡታል። ውሃ ሲነካው ግን ይደክማል፣ ሲታጠብ እንዳይጠመዝዙት።»

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ግን ሆዴ አላመነም። እንጨት እንዲህ ይለሰልሳል እንዴ? እና ቤት ስገባ ጥግ ወረወርኩት፣ ከዚያ ወዲያም አልፈለግኩትም። ዝናቡ እምቢ ሲል ሁለተኛ ዱዓ ተጠራ፤ የድሮውን የጥጥ እጀ ጠባቤን ለብሼ ወጣሁ። ታዲያ ገና ከሜዳው ሳንመለስ ከዞብል ተራራ በኩል ደመናው መጣ፣ ወረደ! ሰው ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ እኔ ብቻ እየበሰበስኩ ተንቀጠቀጥኩ። አያችሁ? ሸሚዙን ስተወው ዘነበ! ይኸው እስከ ዛሬ፣ አገር ያስጨነቅኩ እኔ ነኝ እያልኩ ሌት ተቀን እፈራለሁ።

(እዚህ ላይ ከአድማጮቹ መካከል የነበረው ትልቁ ልጃቸው ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ።)

«አባዬ፣ ያን የዘነበ ዕለት ንጹሕ ልብስ አጥቼ የአንቱን ሸሚዝ ከጥጉ አንስቼ ለብሼ ነበር።»

«ምን? ለዱዓው?»

«ለዱዓው። ከኋላ ሰልፍ ነበርኩ። ዝናቡ መትቶኝ ስሮጥ ትከሻው ላይ ተተረተረ፤ አንቱን ፈርቼ ደበቅኩት።»

ሽማግሌው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አንተ ሌባ! ይሄን ሁሉ ዘመን እኔን እያስፈራህ!»