ዋስትናው ያልሸፈነው መንገድ

የሚኒባሳችን ጎማ ፈንድቶ ናሪን ከተማ መግቢያ ካለው ጋራዥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ የመንደራችንን ሰው አባባ ኤሰንባይን አገኘኋቸው። ባለቤታቸው ባትማ ካረፉ ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የጋራዡ ባለቤት ኑርዛት የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ሙያውን በዋና ከተማው ተምራ የተመለሰች። አጠገባቸው አንድ ያገለገለ ጥቁር የቅንጦት መኪና እንደ ተኛ ግመል ሆዱን መሬት ላይ ጥሎ ቆሟል።

«የሚታለቡትን ባዝራዎች ቅዳሜ ገበያ አወጣለሁ» አሉ ሽማግሌው። «አንቺ ብቻ አስነሺልኝ። ለባትማ ሙት ዓመት በእግሬ ብገባ አገር ምን ይላል?»

«አገሩ የሚመጣው ለእሷ ነው ወይስ ለጎማ?» አለች ኑርዛት።

«አፍሽን ያዢ! በግ አርጄ ደሙን ጎማው ላይ የቀባሁለት መኪና ነው። በዚያ ላይ ሻጩ የሁለት ዓመት ዋስትና ሰጥቶኛል። ማኅተም እኮ አለው!»

ኑርዛት ወረቀቱን ዘረጋችው። «የፊተኛውን ገጽ አንብበዋል። ይቺን አራተኛዋንስ?»

«መነጽሬ ቤት ነበር።»

«መኪናውን በአየር ከፍ ዝቅ የሚያደርገው እግሩ አይሸፈንም ይላል። አስፋልት ያልለበሰ መንገድ ከወጣ ደግሞ ዋስትናው በሙሉ ይፈርሳል። በገዙት ሳምንት ወዴት ወሰዱት አጎቴ?»

«ወደ ተራራው ግጦሽ። ሽማግሎች ሳይመርቁት ይነዳል እንዴ?»

«እንግዲያው ዋስትናው ምርቃቱ ዕለት ሞቷል።»

ልስቅ አልኩና ፊታቸውን ሳይ ተውኩት።

«ለመታየት የገዛሁት መስሎሻል» አሉ። «የጭነት መኪናው የባትማን ወገብ ሲያንገጫግጨው ማየት አላስችል ብሎኝ ነው። የታመመች ቀን ሆስፒታል ልወስዳት ስል ይሄ መኪና ኮረብታው ላይ ተቀመጠብኝ። እዚያው የድርቆሽ መኪና ላይ ጫንናት፤ ሆስፒታል ሳንደርስ አለፈች። አሁን ካልተጠገነ... እኔ ነኝ የገደልኳት።»

ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ከአፋቸው ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ኑርዛት እጇን በጨርቅ ጠረገች። «ቢጠገንም አይመልሳትም አጎቴ። ዛሬ እግሩን ብቀይር ለክረምት ሌላው ይሰበራል። መኪናው አርጅቶ ረከሰ እንጂ ወጪው አላረጀም፤ መለዋወጫው ዛሬም የአዲሱ ዋጋ ነው። ባዝራዎቹን ማን ነበር የሚያልባቸው?»

«እሷ ነበረች።»

«ታዲያ ከእሷ የቀረውን ለዚህ ብረት ይሸጡታል?»

አባባ ኤሰንባይ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው የሥራ ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩት። «አፍርሰሽ ሽጪው።»

ከዚያ ወዲህ በመንደራችን መኪና የሚገዛ ሰው ውሉን ከኋላ ገጽ ጀምሮ ኑርዛት ዘንድ ያስነብባል፤ የመግዣውን ዋጋ ሳይጠይቅ የመለዋወጫውን ይጠይቃል፤ ለጥገና የሚሆን ካልተረፈው አይገዛም። ከዚህ የተነሣ ከብቱን የሸጠ፣ ልጁን ከትምህርት ያስቀረ ሰው የለም። ከጥቁሩ መኪና መለዋወጫ በተገኘው ገንዘብም ላይ ጎረቤቱ ጨምሮበት ለበሽተኛ የሚሆን ጠንካራ አሮጌ መኪና ተገዝቷል።

በሽተኛ ሲጫን አባባ ኤሰንባይ ሳይጠሩ ይመጣሉ። ከኋላ ይቀመጡና የታመመውን ራስ ጭናቸው ላይ ያሳርፋሉ። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ለሾፌሩ የሚናገሩት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ቀስ በል ልጄ፣ ቀስ።»