የሐጂ እንድሪስ ኮት

ደሴ፤ መኖሪያም ሱቅም በሆነች አንዲት ክፍል ውስጥ ልብስ ሰፊው ይመርና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጁ ሐያት፤ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ሐያት፦ እንኳን ደስ አለህ አባ። አሜሪካ ድረስ ሀብታም ተብለሃል።

ይመር፦ ማን ነው ያለው?

ሐያት፦ አንተው ነሃ። ትናንት አቶ ናሁሰናይ፣ ያመለከትኩበት የአሜሪካ ኮሌጅ ተምረው አሁን አመልካቾችን የሚጠይቁለት ሰውዬ፣ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ሲያደርጉልኝ ዘው ብለህ ገብተህ፣ “ለልጄ ገንዘብ አያሳስባችሁ፤ ከሰው እጅ አይተን አናውቅም” አልካቸው።

ይመር፦ ሰውየው “እንዴት ናችሁ?” አለኝ። ምን ልበለው? “የቤት ኪራይ አልከፈልንም፤ እርስዎስ ደህና ነዎት?” ልበለው?

ሐያት፦ እኔ እኮ “አባቴ የሚከፍለው የለውም፤ ሙሉ ወጪዬን ካልቻላችሁልኝ መማር አልችልም” ብዬ ነው ያመለከትኩት።

ይመር፦ እሱ ወረቀት ነው። ወረቀት ፊት የለው፣ አያፍር።

ሐያት፦ ኮቱስ?

ይመር፦ የቱ ኮት?

ሐያት፦ ሐጂ እንድሪስ ለልጃቸው ሠርግ ያሰፉት። አንተ ለብሰኸው ካሜራው ፊት የተንጎራደድከው።

ይመር፦ ልኩን እያየሁ ነበር።

ሐያት፦ ልኩ የሚታየው ሙሽራው ላይ ነው።

ይመር፦ ታዲያ በዚያ በነተበ ሹራብ ልቅረብ? “የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ” ብለሽ ጽፈሽ አባትሽ ቡትቶ ለብሶ ቢታይ፣ ሙያዬን ምን ይሉታል?

ሐያት፦ የሰው ወርቅ አያደምቅ። የጎረቤቶቻችን የነፋጡማን ቴሌቪዥንስ ማን አመጣው? ድርሰቴ ላይ “ያደግኩት የአባቴ የስፌት መኪና ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተኝቼ ነው” ብያለሁ። ሰውየው “እስቲ መኪናውን አሳዪኝ” ሲሉኝ፣ አንተ ዳንቴል አልብሰህ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጠህበታል።

ይመር፦ አምሮበት ነበር።

ሐያት፦ በጣም። እኔ ግን ውሸታም መሰልኩ።

ይመር፦ ውሸታም? አንቺ?

ሐያት፦ ከሁለታችን አንዳችን ዋሽተናላ። አንተ በሙሽራ ኮት፣ እኔ በተማሪ ቤት ዩኒፎርም። ማንን ይመኑ? “የጻፍሽውና ያየሁት አልገጠመልኝም፤ ለኮሌጁ ሪፖርቴን ሳልልክ አባትሽን ላናግራቸው” ብለውኛል። አሁን ይደውላሉ።

ይመር፦ ወላሂ አላናግረውም። ለማላውቀው ሰው ገመናዬን አልዘረግፍም።

ሐያት፦ “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” የምትለኝ አንተው አይደለህ?

ይመር፦ እሱ ለጥርስ ሕመም ነው።

ሐያት፦ በቃ እንለማመድ። እኔ እሳቸውን ልሁን። “አቶ ይመር፣ ኑሮ እንዴት ነው?”

ይመር፦ አልሐምዱሊላህ፣ ምን ጎድሎብን።

ሐያት፦ አባ።

ይመር፦ አፌ ለምዶብኝ ነው። ቀጥይ።

ሐያት፦ “ልጅዎን ለማስተማር አቅም አለዎት?”

ይመር፦ ለጊዜው... ገበያው ትንሽ ቀዝቀዝ...

ሐያት፦ ለጊዜው? እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ እንደቀዘቀዘ ነው።

ይመር፦ ይቺ ምላስሽ ያለ ቪዛም ትሻገራለች።

ሐያት፦ እሷ ብትሻገር ምን ዋጋ አለው። ጎበዝ ተማሪ ሞልቷል አባ፤ የማይከፍል የውጭ አገር ልጅ ግን የሚወስዱት በጣት የሚቆጠር ነው። አንዴ ከጠረጠሩኝ ወደሚቀጥለው ልጅ ነው የሚያልፉት። “የለኝም” በል። አንድ ቃል ናት።

ይመር፦ ላንቺ አንድ ቃል ናት። እናትሽ የሞተች ጊዜ ለቀብር የመጡት የቅሬው ሰዎች “ምን እንርዳህ?” ሲሉኝ እንኳ “ሁሉ አለኝ” ነው ያልኩት።

ሐያት፦ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንደበላንም አውቃለሁ።

ይመር፦ ስልክሽ ነው የጮኸው?

ሐያት፦ ይኸው እየጠራ ነው። ካላናገርካቸው ልዝጋው። አንተ ኮቱን ለሐጂ ትመልሳለህ፣ እኔም እዚሁ ቁልፍ ስሰፋ እኖራለሁ።

ይመር፦ አምጪው ወዲህ። ሃሎ፣ አቶ ናሁሰናይ? አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን፣ ምን ጎድሎ... ቆይ፣ ቆይ። የለኝም ጌታዬ። ትናንት የለበስኩት ኮት የደንበኛ ነው፣ ቴሌቪዥኑም የጎረቤት። ካዩት ሁሉ የእኔ ልጅቷ ብቻ ናት።