ቄሱ የቆለፉት ድምፅ

ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ቄስ ላፕቶፓቸውን አጠገባቸው ላለው ወጣት ሰጡት።

«የሟች ባለቤቴ ድምፅ እዚህ ፎልደር ውስጥ አለ። ተማሪዎቼ እንዳያጠፉብኝ ብዬ ማንም እንዳይከፍተው ከለከልኩ።»

«ራስዎንም ጭምር ከልክለዋላ፣ አባ! ‹ፈቃድ የለዎትም› ይላል።»

«በገዛ ዕቃዬ?»

«ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሲስተም ነው፤ እኔ አላውቅበትም። ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ሁሉንም አስጠፍተው እንደ አዲስ ያስጭኑት።»

«ድምጿስ?»

«እሱማ ይጠፋል። ይልቅ ሌላ ያግቡ!»

«ቄስ ሁለተኛ አያገባም፣ ልጄ። በል ዝጋው፤ ፎልደሩ ላይ ስሟን ማየት ይበቃኛል።»

ድምጿን ሳታጠፋ ፎልደሩን የምትከፍተውን አንዲት መስመር የሊኑክስ ትዕዛዝ፣ ለእሳቸው ሳልነግራቸው ከመኪናው እስክንወርድ ድረስ በጣቴ ጉልበቴ ላይ ደጋግሜ ጻፍኳት።