የአያ አድማሴ ዘር ቆጠራ

በእኛ አገር ልጅ ከመዳሩ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ የተሠራ መልካም ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን የሰው ነውር መፈለጊያ ሲሆን ምን ያህል እንደሚጎዳ ያየሁት አምባ ጊዮርጊስ ላይ ወደ ጎንደር የሚወርድ ማኪና ስጠብቅ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ አያ አድማሴ የሚባሉ የወገራ ገበሬ ነበሩ። ከወዲያ በኩል ደግሞ ጎንደር ላይ የጤና ትምህርት የሚማር ሐብተ ማርያም የሚባል ወጣት ተቀምጧል። ጨዋታው «ወዴት ይሄዳሉ?» በሚል ተጀመረ።

«ጎንደር ነው» አሉ አያ አድማሴ። «ለልጄ ያጨሁለትን ይመኙሽን ልተዋት። ልጅቱስ ሸጋ ናት። እናቷ ግን ትካዜ ይዟት ከእልፍኝ አትወጣም አሉ። አያቷም እንዲሁ ነበረች። ዘር ነው!»

«ልክ ነዎት አያ፤ በዘር ይመጣል» አለ ሐብተ ማርያም።

ሽማግሌው የረቱ መስሏቸው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። እኔም «ይኼ ልጅ ምን ሊማር ሄደ?» ብዬ ታዘብሁት፤ ለመፍረድ ቸኩዬ ነበር።

«የሚወረሰው ግን ሕመሙ ሳይሆን ለሕመሙ ቅርብ መሆን ነው» ሲል ቀጠለ። «ካንድ እናት ከተወለዱ እህትማማች አንዷ ስትታመም ሌላዋ በጤና ታረጃለች። መከራና ብቸኝነት ሲጨመርበት ይብሳል፤ የሚያጽናና ሰውና ሕክምና ሲገኝ ይቀላል። እርስዎስ ውርጭ የሚፈራ ገብስ የለዎትም?»

«ምነው የለኝ! ውርጭ ከማይደርስበት ተዳፋት ላይ እዘራዋለሁ እንጂ።»

«አይጥሉትም?»

«ዘር ይጣላል እንዴ!» አሉ።

«እንግዲያው አጎት አክስቱንም ሳይተዉ የራስዎን ሰባት ቤት ይቁጠሩልኝ።»

አያ አድማሴ ደረታቸውን ነፍተው ጀመሩ። ሰጠኝ ከሚባለው ያባታቸው ወንድም ሲደርሱ ድምፃቸው ወረደ።

«ሰጠኝ... ሰው ሸሽቶ፣ እህል ጠልቶ ዋሻ ገባ። እኛ መነነ ብለን አወራን። አልመነነም ልጄ፤ ጨንቆት ነው። እኔንም ክረምት ሲገባ ደረቴን ጭንቅ ይለኛል። ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።»

«እርስዎን በዚህ ምክንያት ሚስት ቢከለክሉዎ ኖሮ ልጆችዎ ከየት ይመጡ ነበር?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠረጉ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሁላችንም ጠባይ ነውና አልፈረድሁባቸውም።

ጎንደር ስንደርስ ሁለታችንንም አስከትለው ቀሐ ወዳለው የይመኙሽ ቤት ሄዱ። አባቷ መሪጌታ ወልደ ኢየሱስ እጮኝነቱ ሊፈርስ ነው የሚለው ወሬ ቀድሞ ደርሷቸው ኖሮ አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉን። አያ አድማሴ ግን እንደ ቆሙ፣ «ዘሬን ሳልደብቅ ልነግራችሁ መጣሁ» ብለው የአጎታቸውንም የራሳቸውንም ጭንቀት አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። «ይኸን ሰምታችሁ ካልናቃችሁን ልጃችሁን ስጡን።»

የእልፍኙ መጋረጃ ተገለጠና እናቷ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ወጡ።

«አያ፣ የልጄን ዕድል የዘጋሁት እኔ ነኝ እያልሁ ነበር የማለቅሰው። እግዜር ይስጥልኝ፤ ሸክሜን አወረዱልኝ» ብለው ከእግራቸው ሊወድቁ ሲሉ አያ አድማሴ ደግፈው አነሷቸው። እኔም እንባዬን መያዝ አልቻልሁም። ሐብተ ማርያም ወይዘሮዋን ከጸበል ጋር ሐኪምም እንዲያዩ ቢመክራቸው በደስታ እሺ አሉ።

ዘሩን ደኅና አድርጎ ያወቀ ቤተሰብ ሕመሙን ቶሎ ይለየዋል፤ የታመመውንም ለብቻው አይተወውም። ላስተማረው ወጣትም፣ በስተርጅና ለተማሩት ሽማግሌም ምስጋና ይገባል። ይመኙሽ በጥር ተዳረች። አያ አድማሴ ለገበያ በወረዱ ቁጥር ወደ ቀሐ ጎራ ይላሉ።

«እንዴት ሰነበትሽ እቴ? እኔን ሰሞኑን ጭንቅ ብሎኝ ነበር» ይሏቸዋል።

«እኔንም» ይላሉ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል፤ ከዚያም ቁጭ ብለው ይጫወታሉ።