ጎርፍ የሚያስቀሩት ደግ ሰው

ዓሊማ ነገር ስትጀምር ከሩቅ ነው። ከጎብዬ ገበያ መልስ ሚኒባሱ ውስጥ የሽንኩርት ጆንያዋን እግሯ ሥር አመቻችታ እንደተቀመጠች፣ መጀመሪያ የጠየቀችው የጎረቤቷን የጀዊሪያን የጉልበት ሕመም ነበር። ቀጥላ ሙቀቱን አማረረች፣ የቲማቲሙን መርከስ አነሳች። ጋቢና የተቀመጠውን ሰውዬ ያየችውም አትመስልም። ሰውዬው የአንድ ፓርቲ የቆቦ ቅርንጫፍ ሰብሳቢ ነው። የዓሊማን ልጅ ሂባን ዕጩ ብሎ ያስመዘገባት እሱ፣ ባለፈው ሳምንት ሮቢት ላይ በተደረገው ክርክር ማይኩን ከእጇ የወሰደባትም እሱ ነው። ሐሙስ ደግሞ ቆቦ ላይ ሌላ ክርክር አለ። ዓሊማ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ በገዛ አፏ እንድትናገር። ፊት ለፊት ብትጠይቀው እሺ ብሎ እንደማያደርገው ግን ታውቃለች።

«ሂባ እንዴት ናት አልሽኝ?» አለች፣ ጀዊሪያ ምንም ሳትላት። «ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። እንዲህ ያለ አዛኝ ሰው በዚህ ዘመን ይገኛል ብዬ ወላሂ አልገምትም ነበር... መንግሥት ለፓርቲዎች ብር ይሰጣል አሉ። እንዲከራከሩ፣ ሕዝቡም አመዛዝኖ እንዲመርጥ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ሴት ዕጩ ላቀረበ ደግሞ ይጨመርለታል። ታዲያ አንድ ደግ ሰው ቤቴ ድረስ መጥተው ‹ሴቶች ወደፊት ካልመጡ ዲሞክራሲ ምኑን ዲሞክራሲ ሆነ?› አሉኝ። እንባቸው ሊመጣ ምንም አልቀረው። ቃላቸውንም ጠበቁ፤ ወስደው ከፊት ወንበር አስቀመጧት። ከዚህ በላይ ምን ያድርጉላት?»

የጋቢናው ሰውዬ ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ። ዓሊማም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ጋቢና ድረስ እንዲሰማ ያህል ብቻ።

«ልጅቷማ ሳምንቱን ሙሉ ስትዘጋጅ ነው የከረመች። ቦዩ በደለል ተደፍኗል፣ ጎርፉን ጠልፈን ማሳ የምናስገባበት ይጠረግልን ልትል። እሳቸው አዘኑላት። ‹አንቺ አትድከሚ› ብለው ማይኩን ተቀበሏት። ከዚያስ... ‹ከተመረጥን ጎርፍን ከራያ ምድር እናስቀራለን!› አሉ። የሮቢት ገበሬ ያጨበጨበ መሰለሽ? ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ እንጂ። ክረምት በመጣ ቁጥር ተራራውን አንጋጦ የሚጠብቅ ሰው፣ ጎርፍ ካልወረደለት ማሽላውን በምን ሊያበቅለው ነው? ጎርፉን ለየማሳው የሚያከፋፍለው የውሃ አባት አላምረው ‹ኧረ ምን በድለናቸው ነው?› አለ አሉ። እኔ ግን አልፈርድባቸውም። ቢሯቸው ቧንቧ አለው።»

ከኋላ የተቀመጡት ሳቃቸውን አፈኑ። የሰውዬው ጆሮ ደም መሰለ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እሳቸውን ታዲያ ምን ይቆጫቸዋል? ሳይሾሙ... ተይኝ እስቲ፣ ሰው አልማም። ባነራቸው ግን ያምራል አይደል? የቢሯቸው በር ተከፍቶ ባላየውም ባነሩ ያምራል። ዝም አይነቅዝም ሲሉም እኔ ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ የልጄ ዝምታ ገበያም አለው።»

ሌላው ሲስቅ ዓሊማ አልሳቀችም። ሂባ ያን ቀን ቤት ገብታ እራት አልበላም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞሯ እስካሁን አንጀቷን ይበላታል። ቢቻላት ሰውዬውን ኮሌታውን ይዛ ብትጠይቀው ደስ ባላት። ሚኒባሱ ቆቦ መግቢያ ሲደርስ ግን ሁለት መዳፏን ወደ ላይ ዘረጋች።

«በይ አሚን በይ፣ ጀዊሪያ... ሐሙስም ልጄ እንዳትደክም እንደሚያስቡላት አውቃለሁ። አላህ ውለታቸውን ይክፈላቸው። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፣ የመንግሥትንም ድጋፍ አያጉድልባቸው። የቂያማ ቀን አላህ ፊት ሲቆሙ ደግሞ እሳቸው አይድከሙ። ልክ እንደሳቸው ያለ አዛኝ ይዘዝላቸውና፣ ስለሳቸው እሱ ይናገርላቸው።»